የዩኒቨርሲቲ መምህርና አስተዳዳሪው

የዩኒቨርሲቲ አካሉ ግንቡ ነው፤ ነፍሱ ግን መምህሩ ነው። አዳራሹ ሰፊ፥ ቤተ መጻሕፍቱም የተሟላ ቢሆን፥ በተማሪዎች ፊት የሚቆመው ሰው በሥራው ልቡ ከቀዘቀዘ የወጣው ገንዘብና የተደከመው ድካም ፍሬው ጥቂት ነው። ስለዚህ መምህራንን በሚገባ መርጦ መቅጠር፥ በማዕርግ ማሳደግና ደስ ብሏቸው እንዲሠሩ ማድረግ የአስተዳዳሪ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ኮሌጆች በአንድነት ተጠቃልለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዘመን ከመምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም ወደ ውጭ አገር እየተላኩና እየተማሩ ቀስ በቀስ ተተኩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ነገር ግን ግንብ በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ መምህር ግን ከመጀመሪያው ዲግሪ ተነሥቶ የዶክተርነት ማዕርግ እስኪደርስ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። ይህን ያህል ዘመን የተደከመበት ሰው ሥራውን ትቶ ቢሄድ በምትኩ ሌላ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም።

እንግዲህ መምህርን በሥራው የሚያጸናው ምንድር ነው? ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ዐዋቂዎችን መርምሮ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰውን በሥራው የሚያስከፋውና ደስ የሚያሰኘው አንድ ነገር እንዳልሆነ ገልጧል። የደመወዝ ማነስ፥ የአለቃ ክፋትና የደንብ ብልሹነት ሰውን ያስከፋሉ። እነዚህ ሲቃኑ ቅሬታው ይቀራል እንጂ ደስታው አይመጣም። ደስታን የሚያመጡት ሥራው ራሱ፥ የሥራው ፍሬ፥ ምስጋናው፥ ኀላፊነቱና ዕድገቱ ናቸው።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩን ፍለጋ ከዋሸራ እስከ ዋድላ ይሄድ ነበር። መምህሩም ኑሮው ድኻ ሆኖ ሳለ ጉባኤውን ጥሎ አይሄድም ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ከሩቅ አገር ስለሚሹት፥ በቅኔው ላይ የሚሰጠው ፍርድ የራሱ ስለ ሆነ፥ በየደብሩም ስሙ በተማሪዎቹ ስለሚጠራ ክብሩ ያጸናው ነበር። ነገር ግን በብዙ ደብር መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ለአገልጋዮች ይሰጥ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። ክብር ያለ እንጀራ፥ እንጀራም ያለ ክብር ጉባኤን አያቆምም።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የደመወዝና የማዕርግ ዕድገት ጥያቄ አንሥተው ሥራ ማቆማቸው የእንጀራውን ነገር በግልጥ አሳይቷል። የቤት ኪራይና የገበያ ዋጋ እየናረ ሲሄድ፥ መምህሩ ማታ በሌላ ቦታ ለማስተማር ይሮጣል፤ ለምርምርና ለተማሪ ምክር የሚሆነው ጊዜም በዚያው ያልቃል።

የክብሩ ነገር ደግሞ ከዚህ የማያንስ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የማያንሱ መምህራን ተሰናብተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የታወቁት የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። የብዙ ዓመት ልምድ በአንድ ጊዜ ከወጣ፥ በቦታው የሚተካ ሰው ቢገኝ እንኳ፥ ጀማሪውን መምህር የሚያሠለጥነው ታላቅ ይጠፋል። በሥራቸው የቀሩትም ነገ የእኛ ተራ ነው ብለው ልባቸውን ያሸሻሉ።

አስተዳዳሪ ክብርን የሚያጐድለው ግን በማሰናበት ብቻ አይደለም። መምህሩ የምርምር ጽሑፉን አሳትሞ የማዕርግ ዕድገት ሲጠይቅ፥ ማመልከቻው ያለ መልስ በጠረጴዛ ላይ ከከረመ፥ የክፍል ኀላፊነትም በችሎታ ሳይሆን በዝምድና ከተሰጠ፥ አቤቱታውንም የከሰሰው አለቃ ራሱ ከዳኘው፥ ደመወዝ ቢጨመርለትም ቅሬታው አይወጣለትም። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ መድኀኒቱም ከዚሁ ከሥሩ ይጀምራል። ለማዕርግ ጥያቄ የመልስ ቀን ይቈረጥለት፤ የሹመት መለኪያው አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ፤ አቤቱታውን ከአለቃው ሌላ የሆነ ጉባኤ ይስማው። እነዚህ ሦስቱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ሕግ ወጥቶ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሆኗል። መቅጠርና ማሰናበት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ፥ ፍርዱም አብሮ ተሰጥቶታል። ሥልጣን ወደ መምህሩ በቀረበ መጠን በደሉም ሆነ ጽድቁ ፈጥኖ ይደርሰዋልና፥ ሹሙ በፊርማው ፊት የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሰው የሚማሩት ብዙ ልጆች መሆናቸውን እያሰበ ይፈርም።