ሜጋ ሁሉ አንድ አይደለም

ተረት፦ «መስመራችን 4 ሜጋ ነው፤ ፋይሉ የሚዘገየው ኮምፒውተሩ ስላረጀ ነው።»

እውነታ፦ ይህ አባባል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በትምህርት ቤቱም በወረዳ ቢሮውም ይሰማል። ጉዳቱ ግን በወሬ አይቀርም። የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በዚህ ሰበብ «አርጅተዋል» ተብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲታጎሩ አይቻለሁ። ተማሪው ደግሞ አዲስ እስኪገዛለት ድረስ የኮምፒውተር ትምህርቱን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። የሚያናድደው፣ ይህ ሁሉ ጥፋት የሚመጣው አንዲት ማካፈል ባለመሥራት መሆኑ ነው።

የኢንተርኔት መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ4 ሜጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ያወርዳል። 700 ሜጋባይት የሚመዝን የትምህርት ቪዲዮ በሦስት ደቂቃ ይወርድልኛል ያለ መምህር፣ ምንም እንከን ባይገጥመው እንኳ 23 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይጠብቃል። ዐሥር ኮምፒውተሮች ያንኑ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ደግሞ ለመጨረስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል።

አሁን የተወነጀለውን ኮምፒውተር እንየው። ከ15 ዓመት በፊት በተሠራ ኮምፒውተር ላይ የተለመደው የኔትወርክ ካርድ ቢያንስ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ይህም የመስመሩ አቅም 25 እጥፍ ነው። ሃርድ ዲስኩም በሰከንድ በዐሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ይጽፋል። ካርዱም ዲስኩም መስመሩን እየጠበቁ ነው እንጂ መስመሩ እነሱን አይጠብቅም።

አባባሉ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። የዛሬ ድረ ገጾች ከባድ ናቸው፤ 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ኮምፒውተር ገጽ ሲከፍት በእርግጥ ይጨናነቃል። ያ ግን የራም ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜም ራም በመጨመር ይቃለላል። የትኛው እንደሆነ ሳያዩ መፍረድ አይቻልም፤ ማየቱ ግን ቀላል ነው። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ይበቃል። ፕሮሰሰሩና ራሙ ሳይጨናነቁ ማውረዱ በሰከንድ 500 ኪሎባይት አካባቢ ከቆመ፣ የ4 ሜጋቢቱ መስመር ያለውን ሁሉ ሰጥቷል።

«አቅራቢው ከስምንት እጅ ሰባቱን ሰረቀን» የሚሉም አሉ። አልሰረቀም። ግንኙነት ከጥንት ጀምሮ በቢት ይቆጠራል። በስልክ መስመር ዘመን 56 ኪሎቢት ይባል የነበረው ሞደም ቢበዛ በሰከንድ 7 ኪሎባይት ነበር የሚያመጣው፤ አንዲት ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ የምትይዘውን ለማውረድ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ቡሬ ገበያ የወጣ ሰው አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል የጠራውን የበቆሎ ዋጋ ሳያመሳክር አይገዛም። እዚህም ያው ነው። ይህን እያወቁ «ሜጋ ሜጋ ነው» ብለው ገዢን የሚያሰናብቱ ቴክኒሻኖችና ሻጮች ግን ሊታረሙ ይገባል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

ተረት፦ «ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋባይት ይገለብጣል።» እውነታ፦ 480 ሜጋቢት ነው፤ በወረቀት 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ከ30 እስከ 40። ርካሽ ፍላሽ ላይ ሲጻፍ ከዚያም ይወርዳል። ውድ የዩኤስቢ 3.0 ፍላሽ አሮጌው ሶኬት ላይ ቢሰካ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን የ2.0 ነው።

ተረት፦ «52 ኤክስ ሲዲ ከ16 ኤክስ ዲቪዲ ይፈጥናል።» እውነታ፦ የሲዲ አንድ ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት፣ የዲቪዲ ግን 1,385 ኪሎባይት ነው። ሲዲው 7.8 ሜጋባይት፣ ዲቪዲው 22 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል።

ተረት፦ «አይዲኢ 133፣ ሳታ 1.5 ብቻ፤ አይዲኢ ይበልጣል።» እውነታ፦ ሁለቱም የሃርድ ዲስክ ማገናኛዎች ናቸው፤ ግን 133ቱ ሜጋባይት፣ 1.5ቱ ጊጋቢት ነው። ሳታ እያንዳንዱን ባይት በ10 ቢት ስለሚልክ እዚህ የሚካፈለው ለ10 ነው፤ 150 ሜጋባይት ይሆናል። ሳታ ይበልጣል። ሆኖም የዚያ ዘመን ዲስኮች ሁለቱንም ስለማይሞሉ ልዩነቱ በሥራ ላይ እምብዛም አይታይም።

ዕቃ ስትገዙ ሻጩን «ቢት ነው ባይት?» ብላችሁ ጠይቁ። በላቲን ሲጻፍ ትንሿ ቢ ቢትን፣ ትልቋ ቢ ባይትን ታመለክታለች። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ አባላትም ኮምፒውተሩን ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት መስመሩን ለ8 አካፍሉ። ያ ኮምፒውተር ገና ብዙ ተማሪ ሊያስተምር ይችላል።