ደውል የሌለው አገልግሎት፦ ሜኖናይቶች በጁባ

በነጭ ዓባይ ዳር በተዘረጋችው በጁባ ከተማ፣ የካቶሊካውያኑ የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራልና የኤፒስኮፓላውያኑ የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል ለመንገደኛው ሁሉ ጎልተው ሲታዩ፣ ለደቡብ ሱዳን ሕዝብ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ያገለገሉት ሜኖናይቶች ግን ምግባረ ሠናያቸውን በአብዛኛው የሚፈጽሙት በአገሩ አብያተ ክርስቲያናት እጅና በአገሩ ሰዎች ስም ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም፣ ስምን ከኋላ ማስቀመጥ ለተረጂው ሕዝብ ይጠቅማልን የሚለው ጥያቄ ነው።

በ1525 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥምቀት አምኖ ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ይገባል፣ ክርስቲያንም ሰይፍ አይመዝም ብለው በዙሪክ የተነሡት የእምነት አባቶቻቸው፣ በካቶሊኩም በፕሮቴስታንቱም ሹማምንት ተሳድደው፣ ከፊሎቹ በውኃ ሰጥመው፣ ከፊሎቹ በእሳት ተቃጥለው ነበር፤ ስማቸውንም ያገኙት በ1536 ክህነቱን ትቶ ከተሰደዱት ጋር ከተባበረው ከሆላንዳዊው ከሜኖ ሲሞንስ ነው። በ1920 በዩክሬን በረኃብ የሚያልቁ ወንድሞቻቸውን ለመርዳት በአሜሪካ ያቋቋሙት የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወዲህ እህሉንና ብርድ ልብሱን ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ለሚያድል ተራድኦ መሠረት ሆነ።

ይህ አካሄድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1946 ናዝሬት ላይ ቀድሞ ጥጥ ይዳመጥበት በነበረ ቤት፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ሆስፒታል የከፈቱት ሜኖናይቶች ነበሩ፤ በዚያም ሕሙማን ሲታከሙ የአገሩ ወጣቶች በድሬሰርነት ይሠለጥኑ ነበር። ከዚህ አገልግሎት የበቀለችውና በ1959 መሠረተ ክርስቶስ ተብላ የተሰየመችው ቤተ ክርስቲያን፣ መሪነቱ ቀደም ብሎ በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶ ስለ ነበር፣ በ1982 ደርግ ዘግቷት መሪዎቿን ባሰረ ጊዜ በየቤቱ ተሰውራ ኖረች፤ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት ምእመናኗም በ1991 በአደባባይ ሲወጡ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሆስፒታሉም ለመንግሥት ተላልፎ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ተብሎ ሕዝቡን ያገለግላል።

የጁባም ታሪክ ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ ነው። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ጋር፣ የካርቱምን መንግሥትና አኛ ኛ የተባሉትን የደቡብ ተዋጊዎች በ1972 በከተማችን ባስታረቁ ጊዜ፣ ከየጎረቤት አገሩ ለሚመለሰው ስደተኛ ቤት፣ ትምህርትና መድኃኒት የማዘጋጀቱ ሸክም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ወደቀ። ሜኖናይቶችም በዚያ ዐሥርት ዓመት ወደ ደቡቡ ገብተው፣ በሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሥር መሥራትን መረጡ። ስምምነቱ ግን በ1983 ፈረሰ፤ ጦርነቱም እስከ 2005 ዘለቀ።

በ1991 የደቡቡ ነጻ አውጪ ጦር ለሁለት ተከፍሎ ዲንካና ኑዌር እርስ በርስ ሲተላለቁ፣ ያን ደም ለማቆም የተቻለው የአዲሱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች በ1999 ውንሊት በምትባል መንደር ሰብስቦ፣ ነጭ በሬ ታርዶ፣ የተበደለው በደሉን በአደባባይ ተናግሮ፣ ቃል ኪዳን ከታሰረ በኋላ ነበር። ያ ዕርቅ እንደሚያስረዳው፣ ሕዝቡን የሚያስታርቀው የገዛ ሥርዓቱን የሚያውቅ የገዛ ሽማግሌው ነው፤ የባዕዱ ረዳት ድርሻም መንገዱን ማቅናትና ስንቁን ማቀበል ነው።

ነጻነት በ2011 ከታወጀ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 2013 በጁባ የተነሣው ተኩስ አገሪቱን ዳግም ሲያምስ፣ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ተጠለሉ። ሜኖናይቶች ከዚያ ወዲህ የያዙት ሥራ እህል ከማደል አልፎ የቆሰለ ልብን ወደ መጠገንና ዕርቅን ወደ ማስተማር የሚደርስ ነው፤ ይህንም በየይ የሚገኘውን የሰላም ማሠልጠኛና በሩምቤክ የሎሬቶ መነኮሳት የከፈቱትን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በመደገፍ ይፈጽማሉ፤ በዛምቢያ የተጀመሩትም የሰላም ክበቦች ከልዩ ልዩ ጎሣ የመጡ ተማሪዎች ጠብን በቃል የሚፈቱበት መለማመጃ ሆነዋል።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ብቻ መጻፍ አይገባም። የደቡብ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ጳጳሳትና ሽማግሌዎች መምከር እንጂ ጠብመንጃ ማስፈታት አይችሉም፤ በ2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውልም የተፈጻሚነቱ ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ የቆመ በጎ ሥራም፣ ለጋሹ ፊቱን ባዞረ ቀን ይናጋል። ስለዚህ ስምን መሰወር ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው በአገሩ ሰው እውቀትና በአገሩ ሰው መዋጮ እስኪቆም ድረስ አደራው አልተፈጸመም።

በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን በመቶ ሺዎች ያስጠለልን፣ በጁባም ሆቴልና ሱቅ ከፍተን እንጀራችንን የምንበላ እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በዚህ ነገር ተመልካች ሆነን ልንቀር አይገባም። ናዝሬት ላይ በእንግዳ እጅ የተረዳችው አገር ተራዋ ደርሷልና፣ ምእመናኗም ነጋዴዎቿም ለጁባ ትምህርት ቤትና ሕክምና የአቅማቸውን ያዋጡ፤ የሥራውንም አመራር ለአገሩ ልጆች ይተዉ።