ቁልቁለት የሚፈትነው እጅ

ከጎንደር የሚነሣ መኪና በየትኛውም በኩል ቢወጣ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው በአዘዞ አድርጎ ወደ ጣና ዳር ሜዳ ይወርዳል። ወደ መተማ የሚሄደው ጭልጋን አልፎ ከደጋ ወደ ቆላ ይዘቀዝቃል። ወደ ደባርቅ የሚያቀናው ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ላይ ተጉዞ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ገደሉን እየታከከና እየተጠማዘዘ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌሩ እዚያ አፋፍ ላይ እግሩን ፍሬን ላይ ሲያሳርፍ የሚተማመነው በማያውቀው ሰው ነው። ያ ሰው ምናልባት ባለፈው ሳምንት ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ፣ እጁ በግሪስ ተለውሶ፣ መኪናው ሥር ተንጋልሎ የዋለ ተለማማጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው የዚያን ተለማማጅ ሙያ ነው፦ የመሪ፣ የባሌስትራና የፍሬን ጥገና። ሙያው ከሌላው የጋራዥ ሥራ የሚለይበት ነገር ቀላል ነው። ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆማል። ፍሬን ቢበላሽ መኪናው አይቆምም። የሞተር ስሕተት ሰውን መንገድ ላይ ያሳድራል፤ የፍሬንና የመሪ ስሕተት ግን ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ ይህን ሙያ ማስተማር ማለት መፍታትና መግጠም ማስተማር ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጅ የገጠሙትን መልሶ መጠራጠርን ማስተማር ነው።

የሙያው ፊደል

ተለማማጁ መጀመሪያ የሚማረው ስም ነው። ጌታው ከመኪናው ሥር እጁን ብቻ ያወጣና «ካቻቢቴ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ክሪኩን ከፍ አድርገው»፤ ደግሞ «ዳዶውን የት አደረግኸው?»። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒ፣ ጎሚኒ፤ እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቅ የጣልያን ጦር እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሊማሊሞ ዓለት ተፈልፍሎ መንገድ ወጣለት፤ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው ፊያት 634 የጭነት መኪናም ያገራችንን ዳገት ለመደ። ወራሪው ተሸንፎ ሲሄድ መንገዱና የዕቃው ስም ቀሩ።

ኮሌጅ የገባ ተማሪ እነዚያኑ ዕቃዎች በእንግሊዝኛ ስማቸው ያገኛቸዋል። ቴስቲኒ «ታይ ሮድ ኤንድ»፣ አሞርዛተር «ሾክ አብዞርበር» ይሆኑበታል። ይህ እንደ ሸክም ሊታይ አይገባም። ሁለቱንም ስም የያዘ ልጅ ጌታውንም ይሰማል፣ የፋብሪካውን መመሪያ መጽሐፍም ያነብባል። አንዱን ብቻ የያዘ ከሁለት አስተማሪ አንዱን ያጣል።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ክብሩ ነው። ጎንደር ከተቆረቆረችበት ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በግንበኛ፣ በሸማኔና በብረት ሠሪ እጅ የቆመች ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ትታወቅ ነበር። ነገር ግን ማረሻውን ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች ማረሻ ሠሪውን ይንቁት ነበር። ዓፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት መምጣታቸው ደስ ይለኛል፤ መኪና ያለ ባለሙያ እጅ ዕድሜ የለውምና። ዛሬም ልጁ ጋራዥ ሲገባ «ትምህርቱ ስላልሆነለት ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ቀጥሎ የምዘረዝረውን የሚያነብብ ሰው ይህ ሥራ ስንት ትምህርት እንደሚጠይቅ ይፈርድ።

ፍሬን የሚያፈላው በርሜል

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ያለው ዘይት ይገፋል። ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም፤ የተገፋበትን ኃይል በቱቦው አድርጎ ለአራቱም ጎማ ያደርሳል። እዚያ ያሉት ትንንሽ ፒስተኖች የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ያጣብቁታል። ሰበቃው ጎማውን ይይዘዋል። በከባድ መኪኖች ላይ ይህን የሚሠራው የታመቀ አየር ነው።

ሰበቃ ግን የመኪናውን የፍጥነት ጉልበት አያጠፋውም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 290 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። አንድ በርሜል ተኩል ውሃ ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው ሸራውና ታምቡሩ ይሸከሙታል። «በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ዜሮ ማርሽ አድርገህ እንዳትወርድ» የሚባለው ምክር መነሻው ይህ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዙን ይቀንሳል። ሾፌሩ አጥብቆ ይረግጣል፣ መኪናው ግን ይሮጣል።

ዘይቱም የራሱ ደካማ ጎን አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፈላ ደግሞ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት እንደ ዘይቱ አይደለም፣ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ ጎማው ግን ምንም አይሰማውም። ለዚህ ነው ክዳኑ ሳይገጠም መደርደሪያ ላይ ያደረ የፍሬን ዘይት እንደ ዘይት የማይቆጠረው። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፈንታ የሚጨምር ካለ ደግሞ ውስጥ ያሉት ጎማዎች አብጠው ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሹታል።

ተለማማጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሌሎች ሕጎችም አሉ። ሸራ በአንድ አክስል ላይ በግራም በቀኝም እኩል ይለወጣል፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተለወጠ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ታምቡሩ ላይ ሊፈቀድ የሚችለው ትልቁ ስፋት፣ ዲስኩ ላይ ደግሞ ትንሹ ውፍረት በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ በዓይን «ገና ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ መለካት ነው። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ የታምቡሩን አቧራ በአየር ማራገፍ ክልክል ነው፤ በውሃ አርጥቦ መጥረግ ይገባል። ይህን የማያስተምር ጌታ ልጁን ሙያ እየሰጠው ጤናውን ይወስድበታል።

እጅ የሚያነብበው ጎማ

መሪና ባሌስትራ የሚመረመሩት በመሣሪያ ብቻ አይደለም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በመደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም) ተለማማጁ ጎማውን ይይዛል። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ከተወላወለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የመሪው ዘንግ ጫፍ፣ ቴስቲኒው ነው። ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ከተወላወለ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ወጣቱ ይህን ልዩነት በመዳፉ እስኪያውቀው ድረስ ብዙ ጎማ መነቅነቅ አለበት።

ጎማውም ራሱ ይናገራል። ጠርዙ ብቻ የተበላ ጎማ መኪናው አላይመንት እንደሚያስፈልገው ይጠቁማል። እዚህም እዚያም ተቦጫጭቆ የተበላ ጎማ አሞርዛተሩ መድከሙን ያሳብቃል። የአሞርዛተር ሥራ ተሳፋሪውን ማመቻቸት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እውነተኛ ሥራው ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። በጉድጓድ ላይ እየዘለለ የሚሄድ ጎማ በዘለለበት ቅጽበት መሪም ፍሬንም የለውም፤ አየር ላይ ያለ ጎማ መኪናውን ሊያስቆመው አይችልም። ፍሬኑ አዲስ ሆኖ አሞርዛተሩ የሞተ መኪና በጠጠር መንገድ ላይ የሚቆምበት ርቀት የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። መሪ፣ ባሌስትራና ፍሬን በአንድ ላይ የሚማሩትም ስለዚሁ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

ባሌስትራ የክፍለ ሀገሩ የጭነት መኪና ጀርባ ነው። ጭነት ሲበዛ «አንድ ቅጠል ጨምርበት» የሚል ባለንብረት ይመጣል። መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ባሌስትራው ሲጠነክር ፍሬኑና አክስሉ አብረው አይጠነክሩም። መኪናው ተጨማሪውን ጭነት ይሸከማል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ለመያዝ አቅም ያጣል። የቅጠሎቹ ማሰሪያ የመሐል ቡሎን ከተሰበረ ደግሞ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተትና መኪናው ወደ ጎን አዘንብሎ ይሄዳል። ተለማማጁ ለባለንብረቱ ይህን በጨዋ ቋንቋ ማስረዳት መቻሉም የሙያው አካል ነው። «አይሆንም ጌታዬ፣ ፍሬኑ አይችለውም» ማለት ከመፍቻ አያያዝ ያነሰ ትምህርት አይደለም።

ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ

ወደ ሙያው የሚገቡበት መንገድ ሁለት ነው። አሮጌው መንገድ ከጌታ ሥር ነው፦ ልጁ ዕቃ እያጠበ፣ መፍቻ እያቀበለ፣ እያየ ያድጋል። አዲሱ በትምህርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም.፣ በክልላችን የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈቱ የእጅ ሙያ ወንበርና ሰሌዳ አገኘ። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሠልጣኙ ሲጨርስ በብቃት ምዘና ያልፋል፤ አሠራሩም 70 በመቶው በተግባር 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ነው። ይህ ስሌት መልካም የሚሆነው ግን ሠልጣኙን የሚቀበለው ጋራዥ ልጁን ጠራጊ ሳይሆን ተማሪ አድርጎ ሲያየው ነው።

ሁለቱ መንገዶች የት እንደሚገናኙ ማየት የሚፈልግ ሰው የፍሬን አየር ሲወጣ ይመልከት። ጌታው ከጎማው ሥር ነው፤ ተለማማጁ ከሾፌሩ ወንበር ላይ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ ጋሼ።»

«ያዝ! እንዳትለቅ።»

ጌታው ትንሿን ማስተንፈሻ ከፈት ያደርጋታል። ዘይቱ አረፋ ይዞ በላስቲኳ ቱቦ ይወጣል። ፔዳሉ ከልጁ እግር ሥር ይሰምጣል። ማስተንፈሻዋ ትዘጋለች።

«ልቀቅ!»

ልጁ ማስተንፈሻዋ ሳትዘጋ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። በብዙ መኪኖች ላይ ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ወደሚቀርበው ይመጣል፤ አረፋ የሌለበት ጥሩ ዘይት እስኪወርድ ድረስ ይደጋገማል። አየር ለምን እንደሚጨመቅ የሚያስረዳው መጽሐፉ ነው። መቼ መልቀቅ እንዳለበት የሚነግረው የጌታው ድምፅ ነው። ልጁ ሁለቱንም በአንድ እግሩ ይማራል።

ይህንን ሁሉ የተማረ ወጣት ግን አንድ ነገር እንዲጎድለው አልፈልግም። የፍሬን ሙያተኛ ምስጋና አያገኝም። መኪናው ባይቆም ሁሉ ይጠራዋል፤ ስለቆመለት ደውሎ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መንገደኛ ግን የለም። ስለዚህ ሥልጠናው ውስጥ አንድ ቀን ቢጨመር እላለሁ። በቂ ልምድ ያገኘ ተለማማጅ አብሮ የሠራው መኪና ሲነሣ ይሳፈር። ደባርቅ ይድረስ፣ ሊማሊሞን ይውረድ። ከኋላው ያሉትን እናቶች፣ ጉልበታቸው ላይ የተኙትን ሕፃናት ይይ። መጠምዘዣው ላይ ሾፌሩ ሲረግጥ መኪናው እንዴት እንደሚያዝ፣ ገደሉም ከመስኮቱ በታች እንዴት እንደሚያልፍ ይመልከት። ሲመለስ ጌታው «አጥብቀኸዋል?» ሳይለው፣ የቴስቲኒው ዳዶ እንዳይፈታ የምትያዝበትን ያችን ትንሽ የመቆለፊያ ሽቦ በጣቱ ዳስሶ፣ መኖሯን አረጋግጦ ነው ከመኪናው ሥር የሚወጣው።