የንስሐ አባትና የመጠጥ ሱሰኛ

በጢስ ዓባይና በጣና ዳር አገር አረቄ ያሸነፈው ክርስቲያን ምክር ሲሻ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ንስሐ አባቱ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ከጢስ ዓባይ ተነሥቶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል፤ የንስሐ አባት ግን በየበዓሉ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ የባልና የሚስቱን ጠብ ያስታርቃሉ፤ የተነገራቸውንም ምስጢር አያወጡም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ አመራር ለሱሰኛው ምን እንደሚጠቅመውና የት ላይ አደጋ እንዳለበት ነው።

የንስሐ ልጅ ኀጢአቱን ሲናዘዝ ካህኑ ቀኖና ይሰጡታል፤ ይኸውም ጾም፥ ጸሎት፥ ስግደትና ምጽዋት ነው። ቀኖናውን ሲፈጽም ተመልሶ ይነግራቸዋል። እንግዲህ ሱሰኛው የሚናገርለትና የሚጠይቀው ሰው፥ በየቀኑም የሚሠራው ነገር አገኘ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር በአክሮን ከተማ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የተባሉ ሁለት ጠጪዎች እ.ኤ.አ. በ1935 የጠጪዎችን መረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። በ1939 በታተመው መጽሐፋቸው ከዘረዘሩት 12 ደረጃዎች አምስተኛው በደልን ለእግዚአብሔር፥ ለራስና ለሌላ ሰው መናዘዝ ነው። ይህን የሰማ የጣና ዳር ሰው «አዲስ ነገር አላገኘሁበትም» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን በዚያ ማኅበር መሪ የሚሆነው ራሱ ጠጥቶ የተወ ሰው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተመሪው ቢወድቅ እንኳ አፍሮ አይሸሸውም። የኛ ሰው ግን ግዝቱን ካፈረሰ በኋላ የንስሐ አባቱን ፊት ለማየት ይፈራል።

ከዚህ የባሰው አደጋ ሌላ ነው። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ያቆመ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል። በሁለት ቀን ውስጥም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊነሣበት ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ይጮኻል። ሳይታከም ከቀረ ሊሞት ይችላል። ይህ ሰው በዚያው ሰሞን ተገዝቶ፥ ባዶ ሆዱን ጸበል ሊጠመቅ ሄዶ እንደ ሆነ ጩኸቱ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ጾሙም ቀድሞውኑ በመጠጥ የተጐዳውን ሰውነት ከምግብና ከቪታሚን ይለየዋል። (ጫት ያቆመ ሰው ድብርትና እንቅልፍ ይጫጫነዋል እንጂ እንዲህ ያለ የሞት አደጋ እምብዛም አይደርስበትም።)

ሐኪምንና ጸበልን ማጣላት አያስፈልግም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን መድኀኒታቸውን ከጸበል ጋራ እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸውና። ለመጠጥም ይኸው ይሠራል ብለን እናምናለን። «ልጄ፥ አስቀድመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ቀኖናውን ስትመለስ እሰጥሃለሁ» የሚል ቃል ከንስሐ አባት አፍ ሲወጣ ሱሰኛው ሳያፍር ይሄዳል፤ ቤተ ሰቡም ያጅበዋል። ካህኑም ከመገዘታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበቃል፤ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ጠዋት ሳይጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣልን? ከዚህ ቀደም ባቆመ ጊዜ ወድቆ ያውቃልን?