ጭነትና ሞተር ብስክሌት

የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ሲጭን የግራውንና የቀኙን ሸክም ሳያመዛዝን መንገድ አይጀምርም ነበር። በሞተር ብስክሌት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለሚጓዝ ወጣትም ሕጉ ያው ነው።

የሸራ ቦርሳ ከብረት ሣጥን ይልቅ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ልስላሴው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ልብሱ በንዝረት እየረገጠ ሲሄድ ማሰሪያው ይላላል። የላላ ማሰሪያ ከሰንሰለቱ ወይም ከኋላ ጎማው ከገባ ጎማውን በድንገት ቀጥ አድርጎ ነጂውን ይጥላል። ስለዚህ ቦርሳውን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀን፣ የማሰሪያውን ጫፍ አጥፈን መሸጎጥ ይገባናል። ከጭስ ማውጫውም እናርቀው፤ ሙቀቱ ሸራውን ያቃጥላልና።

እንደ መፍቻና ውሃ ያለውን ከባድ ዕቃ ከታች፣ ወደ ኮርቻው አስጠግተን እናኑር። ክብደቱ ከኋላ ጎማው አልፎ ከተንጠለጠለ የፊተኛው ጎማ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ዝናብ እንዳያበሰብሰን ልብሱን አስቀድመን በላስቲክ እንጠቅልል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ሲያዝ በደንብ ያልታሠረ ጭነት ተንሸራቶ የነጂውን ጀርባ ይገፋል። ይህን ከገደሉ አፋፍ ላይ ከማወቅ ሱሉልታ ላይ ማወቅ ይሻላል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቆም፣ የላላውንም ማጥበቅ። ነጋዴውም አጋሰሱን እያቆመ ጭነቱን ያጠብቅ የነበረው መንገዱን ስለ ፈራ ሳይሆን ስላወቀው ነው።