ፖስተሩ የሚነግረንና የሚደብቀን

መደቡ ነጭ ነው። ወንድና ሴት ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ርዕሱ በትልልቅ ቀይ ፊደላት ተጽፏል። የፊልሙን ስም ባያነቡ፣ ተዋንያኑን ባያውቁ እንኳ ፍቅርና ሳቅ የተቀላቀለበት፣ መጨረሻው የሚያምር ፊልም መሆኑን ለመገመት አይቸገሩም። አሁን ደግሞ መደቡን ጥቁር ያድርጉት። በሰዎቹ ፋንታ ገርበብ ያለ በርና ከበሩ ጀርባ የሚያይ አንድ ዓይን ብቻ ይታይ። ይህኛው ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚታይ ፊልም እንደሆነ ወዲያው ይገባዎታል።

ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። የሆሊውድ ገበያ አንድ ዓይነት ምልክት ለአንድ ዓይነት ፊልም እየደጋገመ አስለመደን እንጂ። የፍቅር፣ የቀልድ፣ የአክሽን፣ የአስፈሪ እያልን የምንከፍላቸው ዘውጎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀለም፣ የፊደል ቅርጽና የሰው አቋቋም አላቸው። ለቤተሰቡ ፊልም የሚመርጥ ወላጅ ይህን ቋንቋ ማንበብ ቢችል ይጠቅመዋል። ፖስተር ለተመልካች የሚገባ ቃል ነውና፤ ቃሉን የማይጠብቅበት ጊዜም አለ።

ቀለሙና ፊደሉ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን “ፕሪቲ ውማን”ን እንውሰድ። ጁሊያ ሮበርትስና ሪቻርድ ጊር በነጭ መደብ ላይ ጀርባቸውን አጋጥመው ቆመዋል፤ እሷ ክራቫቱን ይዛ ትጎትታለች። ሁለቱ እንደሚጣሉም እንደሚዋደዱም በአንድ ምስል ተነገረን። የሚገርመው በፖስተሩ ላይ የሚታየው የተዋናይቷ ፊት እንጂ ሰውነቷ አይደለም፤ ፊቷ በሌላ ሴት አካል ላይ ተቀጥሎ ነው የተሠራው።

የአስፈሪ ፊልም መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ “ጆውስ” ፖስተር ላይ አንዲት ሴት በባሕሩ ወለል ላይ ትዋኛለች። ከሥሯ አፉን ወደ ላይ ያነሣ ግዙፍ ሻርክ እየመጣ ነው። እኛ እናየዋለን፤ እሷ አታየውም። ፍርሃቱን የሚፈጥረው ይህ ልዩነት ነው። ሠዓሊው ሮጀር ካስትል ሥዕሉን መጀመሪያ የሠራው ፊልሙ ለተመሠረተበት ልቦለድ ሽፋን ነበር።

የፊደሉ ቅርጽም ይናገራል። በ“ታይታኒክ” ፖስተር ላይ የምናየው ትራጃን የተባለው የፊደል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራው ሮም ውስጥ ባለው የንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሐውልት ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ተወስዶ ነው። ፊደሉን ስናይ ታላቅና ታሪካዊ ነገር እንጠብቃለን። በአንጻሩ በአነስተኛ በጀት የተሠራው የቤተሰብ ቀልድ “ሊትል ሚስ ሰንሻይን” ፖስተሩን ሙሉ በሙሉ ቢጫ አድርጎ፣ ቤተሰቡ አሮጌ መኪና ለመሳፈር ሲሯሯጥ አሳየ። ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፊልም የተለየ መሆኑን ቀለሙ ብቻ ይናገራል።

ድረ ገጹም የዘውጉን ልብስ ይለብሳል

ኢንተርኔት ሲመጣ ይኸው ብልሃት ወደ ድረ ገጽ ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክል ጆርዳንን ከካርቱን ገጸ ባሕርያት ጋር ያጫወተው “ስፔስ ጃም” የተሠራለት ድረ ገጽ ኮከብ የተበተነበት ሰማይ ሲሆን ማውጫዎቹ ፕላኔቶች ነበሩ። ልጅ ገብቶ እንዲጫወትበት የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ የበቃው “ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት” የተባለው አስፈሪ ፊልም ግን ድረ ገጹን የፖሊስ መዝገብ አስመሰለው። ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ጠፉ የተባሉ ሦስት የፊልም ተማሪዎች ፎቶ፣ የምርመራ ማስረጃና ቃለ ምልልስ ቀረበ። “የጠፋ ሰው” የሚል ወረቀትም ተበተነ። ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም ብዙ ሰው እውነት መሰለው፤ የአንዷ ተዋናይት እናት ልጃቸው የሞተች መስሏቸው የሐዘን ካርድ የላኩላቸው ሰዎች ነበሩ። በጣም በጥቂት ገንዘብ የተሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገኘ።

ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱ ፖስተር

ዛሬ ብዙዎቻችን ፖስተር የምናየው በሲኒማ ቤት በር ላይ ሳይሆን በስልካችንና በቴሌቪዥናችን ነው። የኔትፍሊክስ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ አንድን ፊልም ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ምስል እንደሚያቀርቡ በግልጽ አስረድተዋል። ምሳሌያቸው “ጉድ ዊል ሀንቲንግ” ነበር። የፍቅር ፊልም ለሚያዘወትር ሰው ማት ዴመንና ሚኒ ድራይቨር አብረው ያሉበት ምስል ሊቀርብለት ይችላል። ቀልድ ለሚወድ ደግሞ ታዋቂው ኮሜዲያን ሮቢን ዊሊያምስ። ፊልሙ አንድ ነው፤ የሚገባው ቃል ግን እንደ ሰዉ ይለያያል።

ቃልና ተግባር ሲለያዩ

እዚህ ላይ ነው ወላጅ ንቁ መሆን ያለበት። የጊየርሞ ዴል ቶሮ “ፓንስ ላቢሪንዝ” ፖስተር ላይ በዛፎች መካከል የቆመች ትንሽ ልጅ ትታያለች፤ ተረት ይመስላል። ፊልሙ ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ያለችውን ስፔን የሚያሳይ፣ ከባድ ጭካኔ ያለበት፣ አሜሪካ ውስጥ “አር” የሚል ደረጃ የተሰጠው ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። “የስተርዴይ” የተባለውን ፊልም እያንዳንዳቸው በ3.99 ዶላር የተከራዩ ሁለት አሜሪካውያን፣ በማስታወቂያው ላይ ያዩዋት አና ዴ አርማስ ፊልሙ ውስጥ የለችም ብለው ዩኒቨርሳልን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፌዴራል ዳኛው የፊልም ማስታወቂያም እንደማንኛውም የንግድ ማስታወቂያ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ብለው ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ከመምረጥዎ በፊት

• ከትልቁ ምስል ይልቅ ትንሿን ምልክት ይፈልጉ። በአሜሪካ ፊልሞች ፖስተር ግርጌ “ፒጂ-13” ወይም “አር” የሚል የዕድሜ ደረጃ ይኖራል። ፒጂ-13 እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው እንደ “ግሬምሊንስ” ያሉ ፊልሞች ለሕፃናት ይከብዳሉ የሚል ቅሬታ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ነገር ሊኖር እንደሚችል ወላጆችን ያስጠነቅቃል። “አር” ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዳያይ ያግዳል።

• ከደረጃው አጠገብ ያለውን አጭር ማብራሪያም ያንብቡ። ደረጃው ለምን እንደተሰጠ፣ ዓመፅ ይሁን ጸያፍ ንግግር፣ የሚገልጸው እሱ ነው።

• በኢንተርኔት በሚከፈቱ የፊልም አገልግሎቶች ላይ ለልጆች የራሳቸውን መለያ ይክፈቱላቸው። የእርስዎና የልጅዎ ምርጫ በአንድ መለያ ከተደባለቀ የሚቀርበው ምስልም ይደባለቃል።

• ፊልሙን ከመክፈትዎ በፊት ልጆችዎን፣ “ከምስሉ ተነሥታችሁ ታሪኩ ምን ይመስላችኋል?” ብለው ይጠይቋቸው። ሲያልቅ ደግሞ፣ “ፖስተሩ የነገረን እውነት ነበር?” በሏቸው። ይህን የለመደ ልጅ ነገ የብስኩቱንም የጫማውንም ማስታወቂያ በዚያው ዓይን ያያል።