ያለ ሰንሰለት የሚሮጥ ውሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይታሰራል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ደግሞ የማንም ያልሆነ፣ ግን የሁሉም የሆነ ውሻ አለ፤ ዘበኛው ስም አውጥቶለት፣ ልጆች ትራፊ እያመጡለት ደረጃ ሥር የሚያድር። ሁለቱም ጉልበት የተረፋቸው፣ ሥራ የፈቱ እንስሳት ናቸው። ለእነሱ በጣም ይስማማል ብዬ የማምንበትን አንድ ስፖርት ላስተዋውቅ፤ አጂሊቲ ይባላል፣ የውሾች የቅልጥፍና ውድድር ነው።

ሜዳው ላይ ዳኛው በራሱ ንድፍ ያስደረደራቸው ከ15 እስከ 22 የሚደርሱ መሰናክሎች አሉ። ውሻው በተወሰነላቸው ተራ ይዘላቸዋል፣ ይወጣባቸዋል፣ ይሾልክባቸዋል። ባለቤቱ አብሮት እየሮጠ በድምፁ፣ በእጁና በመላ አካሉ ይመራዋል። ውሻውንም ሆነ መሰናክሉን መንካት ግን አይችልም። ቁራሽ ሥጋ ወይም መጫወቻ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ውሻው ያለ ማሰሪያ ይሮጣል። የሚያሸንፈው ሳይሳሳት ቶሎ የጨረሰ ነው።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ክራፍትስ በተባለው ትልቅ የውሾች ትርኢት ላይ፣ በዋና ዋናዎቹ ዝግጅቶች መካከል ያለውን ክፍት ሰዓት የሚሞላ ነገር ተፈለገ። የኮሚቴው አባል ጆን ቫርሊ የፈረስ ዝላይን አስቦ ፒተር ሚንዌል የተባለውን አሠልጣኝ አማከረ፤ ሁለቱ ሆነው የፈረሱን ውድድር ለውሻ በሚሆን መጠን አዘጋጁት። ተመልካቹ ወደደው። በ1980 የብሪታንያው ኬኔል ክለብ እውቅና ሰጠው፤ በ1996 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞርዥ ከተማ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደበት።

አብዛኞቹ መሰናክሎች የዝላይ ናቸው። አግዳሚው የተቀመጠው እንዲሁ በመደገፍ ስለሆነ ውሻው ሲነካው ይወድቃል፤ ሲወድቅ 5 የስህተት ነጥብ ይያዝበታል። በዓለም አቀፉ ደንብ የትልልቅ ውሾች አግዳሚ ከ55 እስከ 60፣ የትንንሾቹ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ እያንዳንዱም ከቁመት እኩዮቹ ጋር ብቻ ይወዳደራል። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦም አለ፤ ተጠማዞ ሲዘረጋ ውሻው መውጫውን ሳያይ ነው የሚገባበት።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ግን ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመሬት 1.2 ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ፣ ጣውላው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ድልድይ ነው። የመውጫና የመውረጃው ጫፍ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ድረስ በሌላ ቀለም ይቀባል፤ ውሻው ሲወጣም ሲወርድም ቢያንስ በአንድ እግሩ ቀለሙን መርገጥ አለበት። ሕጉ የወጣው ለውሻው ጤና ነው። በፍጥነት የመጣ ውሻ ከከፍታው ወደ መሬት ቢወረወር የሚጎዳው ትከሻውና መገጣጠሚያው ነው። በሩጫ ግለት ውስጥ ያለ እንስሳ ለመዝለል የቸኮለ ሰውነቱን ገትቶ ቀለሙን ሲረግጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መስመር የተተከሉ 12 ዘንጎች ናቸው። ውሻው ሲገባ የመጀመሪያው ዘንግ በግራ ትከሻው በኩል መሆን አለበት፤ ከዚያ አንዱንም ሳይዘል በመካከላቸው ግራና ቀኝ እየተጥመዘመዘ ያልፋል። መዝለል፣ መሮጥ፣ መሹለክ ውሻ ከተፈጥሮው ያውቃቸዋል። ይህን ግን ያለ ትምህርት የሚያደርግ ውሻ የለም።

ውሻው ከመግባቱ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ብቻቸውን ሜዳውን ዞረው ያያሉ። እጃቸውን እየዘረጉ፣ ባዶ አየር እየመሩ፣ የት እንደሚዞሩ በልባቸው ያጠናሉ። ውሻው መስመሩን የሚያውቀው ሲሮጥበት ብቻ ነው። ፈጣን ውሻ በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በዚያ ፍጥነት የሰው ቃል ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ውሻውም ከቃሉ ይልቅ የሰውየውን ትከሻና የጫማውን አቅጣጫ ያነባል። ስለዚህ ከስህተቶቹ ብዙዎቹ የሰው ናቸው፤ ነጥቡ የሚቆጠረው በውሻው ስም ቢሆንም።

ይህን እኛ ግቢ ውስጥም አይቼዋለሁ። ልጆች ሁለት ቢጫ ጄሪካን ላይ የመጥረጊያ እንጨት አጋድመው የግቢውን ውሻ ቡቺን ያዘልሉት ነበር። አንዱ ልጅ «ዝለል!» እያለ ይጮኻል፣ ግን እንጨቱ ጋ ሲደርስ ጓደኞቹን ለማየት ፊቱን ወደ ጎን ይመልሳል። ቡቺ በእንጨቱ ጎን ዞሮ ያልፋል። ልጁ ተናደደ። ታናሽ እህቱ ምንም ሳትናገር ወደ ፊት እያየች ቀጥ ብላ ሮጠች፤ ውሻው እንጨቱን ሳይነካ ተከተላት።

ፌዴራል ፖሊስ ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ የሚያነፈንፉ ውሾች ስላሉት የሠለጠነ ውሻ ለከተማችን አዲስ አይደለም። የፖሊስ ውሻ ሥልጠናም አጥር መዝለልንና በጣውላ ላይ መሄድን ይጨምራል። እዚያ ግን መሰናክሉ ወደ ሥራው መሸጋገሪያ ነው። አጂሊቲ ላይ ሥራው ራሱ ጨዋታው ነው፤ ለዚህም የተመረጠ ዘር አያስፈልግም። በዓለም መድረክ በግ ጠባቂው ቦርደር ኮሊ ቢበዛም በብሪታንያ ድቅል ውሾችም ይወዳደራሉ። የእኛ የሰፈር ውሻ ቀጭን፣ ወገበ ቀላል፣ ሰው ተመልካች ነው፤ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን አካል አለው። «ከሠለጠነ ሌባ ይላመዳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ከባለቤቱ ጋር መሥራት የለመደ ውሻ ዓይኑ ባለቤቱ ላይ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ፣ ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፤ በተለይ ልጆች ከሚነኩት ውሻ ጋር ይህ ለድርድር አይቀርብም። ቦታው ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ይሁን። የልደታ ግቢዎች ኮብልስቶን ለዝላይ አይሆንም፤ ያንሸራትታል፣ ሲያርፍም መገጣጠሚያ ይመታል። ለቡችላ አግዳሚውን መሬት ላይ ማጋደም ይበቃል፤ አጥንቱ ሳይጠና ከፍታ አያስፈልገውም፤ ዓለም አቀፉ ደንብም ከ18 ወር በታች ያለ ውሻ አያወዳድርም። ለሽልማት ከሉካንዳ የተገዛ ሳንባ ቀቅሎ እንደ ጥፍር አሳንሶ መቆራረጥ ነው፤ ውሻው ቶሎ ውጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳይራብም ሳይጠግብም፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አጭር ጊዜ ማሠራት ይሻላል። ገና ደስ እያለው ሲቆም ለነገ ይጓጓል።

ዘንጎቹን ለማስተማር የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቆራርጦ በሁለት ረድፍ መትከልና መካከሉን እንደ መንገድ ክፍት መተው ነው። ውሻው በመሃል ቀጥ ብሎ ይሮጣል። በየጊዜው ረድፎቹን በጣት ስፋት ያህል ማቀራረብ፤ መንገዱ ሲጠብበት ሰውነቱ ራሱ መጥመዝመዝ ይጀምራል። ግራ ከተጋባ መልሶ ማስፋት እንጂ መቆጣት የለም። ሁለቱ ረድፎች አንድ መስመር እስኪሆኑ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።